«መቻልን ባስኮላሸው አደብ ይገዛ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምንኖረው ሰንጋ ተራ አካባቢ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ወንድ ውሻ አለን። የጀርመን ሼፐርድና የሐበሻ ክልስ ነው፤ ስሙ መቻል ይባላል። የግቢው በር በተከፈተ ቁጥር ይፈተለካል። አንዳንዴ ሁለት ቀን ይጠፋል። ባለፈው ጆሮው ተተልትሎ መጣ። የጎረቤት መኪና ጎማ፣ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ ሳይቀር እግሩን አንስቶ ይሸናበታል። ሴት ልጄ እግር ላይ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሃ ሊቀዳ የሚመጣውን የጎረቤት ልጅ ሱሪ ነክሶ ቀደደበት። ርችት ሲተኮስ ግን አልጋ ሥር ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ነው። ሰው ሁሉ «አስኮላሺው፣ አደብ ይገዛል» ይለኛል። ባለቤቴ «ሴት ይሆናል፣ ቤት መጠበቅ ያቆማል» ብሎ እምቢ አለ። አማቴ ኃጢአት ነው ይላሉ። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ግራ ገባኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ መቻል ከማውራታችን በፊት ስለ ጎረቤት ልጅ እናውራ። ሱሪው ተቀደደ ብለውኛል። ቆዳውስ? ጥርስ ትንሽ እንኳ ጭሮት ከሆነ ነገሩን ቀላል አድርገው አይዩት። የተጫረው ቦታ በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቀን አልፎትም ቢሆን ይታጠብ። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂድና ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ይወስን። በከተማችን ውሻ የነከሰውን ሰው «ፓስተር ሂድ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል።

መቻልን ደግሞ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን ከግቢ ሳያስወጡ ይከታተሉት። 10ሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ልጁን ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ስለ ክትባቱ ምንም አልጻፉልኝም። ሁለት ቀን ጠፍቶ የሚመጣ ውሻ ክትባቱ በጊዜው ካልታደሰ ለራሱም ለግቢው ልጆችም አደጋ ነው። ይህ ከማኮላሸቱ ይቀድማል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልግባ።

«ውሻዬ አስቸገረኝ» ሲባል አንድ ችግር ይመስላል። እርስዎ የዘረዘሩልኝ ግን ምንጩ ሁለት ነው። መጥፋቱ፣ ሽንቱ፣ እግር ላይ መውጣቱና የተተለተለው ጆሮ ባብዛኛው ከአንድ ቦታ የሚመጡ ናቸው። ልጁን መንከሱና ርችት ሲሰማ መንቀጥቀጡ ከሌላ። የመጀመሪያዎቹን ቀዶ ጥገናው ይነካቸዋል። ሁለተኞቹን አይነካቸውም። አንዳንዴም ያባብሳቸዋል። ሰው ሁሉ «አደብ ይገዛል» ሲል ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚጨፈልቃቸው ነው ብዙ ሰው ውሻውን አስኮላሽቶ የሚያዝነው።

ማኮላሸት የሚለው ቃል ራሱ ጆሮ ላይ ይከብዳል። ዜና ላይ «ሙከራው ተኮላሸ» ሲባል ነው የምንሰማው። ስለዚህ ሰው ውሻውን የሚያበላሸው ይመስለዋል። ሥራው ግን ቀላል ነው። ውሻው በማደንዘዣ ይተኛል፤ ሁለቱ ቆለጦች በትንሽ ስንጥቅ በኩል ይወጣሉ፤ ይሰፋል። ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ባብዛኛው የሚመረተው እዚያ ነው። ቆለጡ ሲወጣ በቀናት ውስጥ ከደሙ ጠፋ ሊባል ይችላል።

ጠባዩ ግን በቀናት አይለወጥም። እንጨቱን ከምድጃው ቢያወጡትም ፍሙ ይቆያል። መቻል ላለፈው አንድ ዓመት ተኩል በር ሲከፈት መሮጥ ለምዷል። በአንዳንድ ውሾች ለውጡ በሁለት ሳምንት ይታያል፤ በሌሎች እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ሌላም ልብ ይበሉ። ቀድሞ የተመረተ ዘር በውስጡ ስለሚቀር ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ሴት ውሻ ሊያስረግዝ ይችላል።

እሺ፣ መጥፋቱ። ሴት ውሻ በዓመት ሁለቴ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ በየጊዜው ሦስት ሳምንት ያህል ይቆይባታል። ሽታዋ ሩቅ ይሄዳል። እናንተ ሰፈር ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ሴት ውሾች ብዙ ናቸው። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች። ስለዚህ ለመቻል ዓመቱን ሙሉ ጥሪ አለ። ማታ በሩ ሥር አፍንጫውን ከትቶ የሚያላዝን ከሆነ፣ ምግብ አቅርበውለት ትቶት ወደ በሩ የሚያይ ከሆነ፣ ሲጠፋም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ፣ የሚያስሮጠው ሆርሞኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሁለት ዓመት ካለፋቸው በኋላ የተኮላሹ 57 ወንድ ውሾችን ተመልክቶ ነበር። ከግቢ መጥፋት፣ በየቦታው መሽናትና ሰው ላይ መውጣትን በተመለከተ፣ ከአሥሩ በስድስቱ ገደማ ችግሩ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል። ጨርሶ ጠፋ ሊባል እስኪችል የቀነሰላቸው ግን ከአሥሩ ከሁለት ተኩል እስከ አራቱ ናቸው። ይህን የምነግርዎ ተስፋዎን በልኩ እንዲያደርጉት ነው። ጥሩ ዕድል አለው፤ ዋስትና ግን የለም። አንድ ደስ የሚል ነገርም ከዚያው ጥናት አለ። የውሻው ዕድሜና ችግሩ የቆየበት ጊዜ በውጤቱ ላይ ለውጥ አላመጡም። ስለዚህ «ረፈደብኝ ወይ?» ብለው አይጨነቁ።

ግን እያንዳንዱ መጥፋት የሴት ፍለጋ አይደለም። በዐቢይ ጾም ልኳንዳው ሲዘጋና የቤቱ ፍርፋሪ ሲቀንስ ክሊኒክ የሚመጡልኝ «ጠፍቶ የተገኘ» ውሾች ይበዛሉ። እነዚያን ያስወጣቸው ረሃብ ነው። ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻም በሩ ክፍት ሲሆን ቢሮጥ አይገርምም። የሚሮጠው ከእስር ነው። መቻል በቀን ስንት ሰዓት ታስሮ ይውላል? ይህን ራስዎን ይጠይቁ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዞት የሚዞር ሰው ካላገኘ፣ ቢላው ብቻውን ሥራውን አይጨርስም።

ስለ ሽንቱ አጭር ልበል። ጎማና ጀሪካን ላይ ጠብ ጠብ የሚያደርጋት ሽንት የፊኛ ጉዳይ አይደለችም። መልእክት ናት። «እዚህ ነበርኩ» ማለት ነው። ከተኮላሸ በኋላ ባብዛኛው ይቀንሳል። የሸናበትን ቦታ ግን አቼቶ በተቀላቀለ ውሃ እያጠቡ ሽታውን ያጥፉለት፤ ሽታው ካለ ይመለስበታል። ልጅዎ እግር ላይ መውጣቱም ይቀንሳል፣ ነገር ግን እሱ ደስታና መፍለቅለቅ ሲበዛም የሚመጣ ነገር ነው። ሲወጣባት አትጩህ፣ አትሳቅ፤ ዝም ብላ ትሂድ። ጨዋታው ያኔ ያበቃል።

ከሁለት ቀን ጥፋት ለሚመለስ ወንድ ውሻ አንድ ምርመራ አለ፤ ዛሬ ማታ ራስዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። ጋደም ሲል ብልቱን ይዩ። ከጫፉ ደም ጠብ ይላል? አብዝቶ ይልሰዋል? የአበባ ጎመን የመሰለ ቀይ ሥጋ ይታያል? በስሪያ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ዕጢ አለ። ሴትና ወንዱ ውጭ በሚውልበት ከተማ ሁሉ የተለመደ ነው። ሕክምና አለው፤ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በየሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ አብዛኛዎቹም ይድናሉ። ሰው ግን አይቶት «ቆስሎ ነው» ብሎ ይተወዋል። ከዚህ በሽታ የሚጠብቀው ከግቢ አለመውጣቱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ወደ ልጁ።

ልጁ የተነከሰው እንዴት ነበር? መቻል ፊት ለፊት መጥቶ ነው? ወይስ ልጁ ጀሪካኑን አንስቶ ጀርባውን ሲያዞር? ከኋላ ከሆነ፣ ይህ የፈሪ ውሻ ንክሻ ነው። ሲቀርቡት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ጭራውን እግሮቹ መሃል ይሸጉጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል። ሰውየው ዞር ሲል ይዘልና ይቦጭቃል፤ ተመልሶ ይሸሻል። ብዙ ሰው ይህን ድፍረት ይለዋል። ርችት ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባው ውሻና ልጁን የነከሰው ውሻ አንድ ናቸው። ሁለቱንም ያደረገው ፍርሃት ነው።

ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ዕድሜው ድረስ ያየውን ነገር ሁሉ «የተለመደ ነው» ብሎ ይቀበላል። ልጆች፣ ሽማግሌ፣ ዣንጥላ፣ የመኪና ጥሩምባ። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ካርቶን ውስጥ ተከማችቶ ወይም ጓሮ ታስሮ ያሳለፈ ቡችላ ሲያድግ እንግዳ ነገር ሁሉ ያስደነግጠዋል። መቻልን ስንት ወር ሲሆነው አመጡት? ከየት? እነዚህ ጥያቄዎች ከቆለጡ የበለጠ ይጠቅሙኛል።

ቴስቶስቴሮን አንዳንድ ውሻ ላይ የመተማመን ስሜት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ከስድስት ሺህ በላይ ወንድ ውሾችን የተመለከተ ጥናት ነበር። በዕድሜያቸው ከሆርሞኑ ጋር የቆዩበት ጊዜ ያጠረ ውሾች ላይ ፍርሃትና ከፍርሃት የሚመጣ ጠባይ በዝቶ ታይቷል። ይህ ማለት ማኮላሸት ሁሉን ውሻ ፈሪ ያደርጋል ማለት አይደለም። ፈሪ ውሻን «ይረጋጋል» ብሎ ወደ ቢላ መውሰድ ግን የተሳሳተ ሐሳብ ነው። ቅድም በጠቀስኩት የ1997ቱ ጥናትም ቢሆን፣ ጠበኛነታቸው ጉልህ በሆነ መጠን የቀነሰ ውሾች ቢበዛ ከሦስት አንድ ገደማ ናቸው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት «ሰው ነከሰ፣ አኮላሽልን» ብለው አንድ ውሻ አመጡልኝ። መቼ ነከሰ፣ ማንን ነከሰ፣ እንዴት ነከሰ ብዬ አልጠየቅኩም። አኮላሸሁት። እነሱም «ታከመ» ብለው የአፍ መሸፈኛውን ጣሉት፣ የግቢውን በር ጥንቃቄም ተዉት። በሁለት ወሩ ሌላ ሰው ነከሰ፤ ያሁኑ የባሰ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሰው ነከሰ» የሚለኝን ሁሉ መጀመሪያ አስቀምጬ እጠይቃለሁ። ቢላዋ ኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ ለመቻል ምን ይደረግ? ከነገ ጀምሮ ውሃ የሚቀዳበት ሰዓት ላይ ውሻው ከቧንቧው ራቅ ብሎ ይታሰር፤ ልጁ እንዲያየው ግን እንዳይደርስበት ሆኖ። ልጁ ሲመጣ ወዲያው ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ይስጡት። ልጁ ሲሄድ ሥጋው ያቁም። ልጁ አይኑን አፍጥጦ አያየው፣ አይጥራው፣ ሊነካው አይሞክር። ዝም ብሎ ውሃውን ይቅዳ። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ መቻል ልጁን ሲያይ ወደ እርስዎ ዘወር ብሎ «ሥጋዬስ?» ማለት ይጀምራል። ያኔ አንድ እርምጃ ያቅርቡት። ቢያጉረመርም ርቀቱን ይመልሱ። አይምቱት። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። ቀጥሎ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ሥራው ረጅም ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን ይሠራል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ለውሻ ተብሎ ከልኳንዳ የሚገዛውን ሳምባና ጉበት ጥሬውን አይስጡት። ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር ያለበት ሳምባ አይተው ያውቁ ይሆናል። ያ የጥገኛ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጆች እጅ በኩል ሰው ላይ ይደርሳል። በደንብ ይቀቀል።

አሁን ባለቤትዎን ላናግር። «ሴት ይሆናል፣ ቤት መጠበቅ ያቆማል» የሚሉት ወንድሜ፣ የምትኖሩበት ሰፈር ስሙ ምን እንደሆነ ያስቡት። ሰንጋ ተራ። ሰንጋ የተኮላሸ በሬ ነው። አርሶ የሚያበላን በሬም የተኮላሸ ነው። ቀኑን ሙሉ ሞፈር ይጎትታል፤ ማንም «ሴት ሆነ» አይለውም። ውሻም እንዲሁ ነው። እንግዳ ሲመጣ መጮኽ፣ ግቢውንና ሰዎቹን መጠበቅ የቴስቶስቴሮን ሥራ አይደለም። ሴት ውሾች ቤት አይጠብቁም እንዴ? ቀጥዬ የምጠይቅዎት ይህን ነው፦ መቻል ሁለት ቀን ጠፍቶ ልደታ ወይም መርካቶ ሲዞር፣ ቤቱን የሚጠብቀው ማን ነው? መኪና ሊገጨው፣ መርዝ ሊበላ፣ ሌሊት ጅብ ሊያገኘው ይችላል። ግቢው ውስጥ የሚያድር ውሻ ከሌለው ውሻ ይሻላል።

አማትዎን በአክብሮት ነው የማናግራቸው። እማማ፣ የኃጢአቱን ነገር የሚያውቀው የንስሐ አባትዎ ነው፤ እኔ የእንስሳ ሐኪም ነኝ። እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። ለፋሲካ የምንገዛው ሙክት የተኮላሸ ነው። አባቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ልዩነቱ ያኔ ማደንዘዣ አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ውሻው ሕመም እንዳይሰማው ማድረግ ግዴታችን ነው፤ ያን ካደረግን ውሻው «ምን ጎደለብኝ» ብሎ ሲተክዝ አላየሁም። ስፌቱ ሲድን ጨዋታው ይመለሳል። እኔ ግን ያለቀስኩት ሌላ ቦታ ነው። በክረምት ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ካርቶን አገኘሁ፤ ውስጡ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሰባት ቡችሎች ነበሩ። አራቱ ሞተዋል። እነሱም የአንድ የጠፋ ወንድ ውሻ ልጆች ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ግን መቻል ብቻውን ቢኮላሽ የሰፈሩ ቡችላ አይቀንስም። በሱ ቦታ ሌላ ወንድ ይተካል። ቁጥር የሚቀንሰው ሴቶቹ ሲመክኑ ነው። ስለዚህ «ለከተማው ብለው ያስኮላሹ» ብዬ አልዋሽዎትም። የሚያስኮላሹት ለመቻል ብለው ነው።

የጤናው ጥቅም ምን ያህል ነው ቢሉ፣ የቆለጥ ዕጢ አይዘውም። ያልተኮላሹ ወንዶች ሲያረጁ ከፊኛ ሥር ያለው ፕሮስቴታቸው እያበጠ ሽንትና ዓይነ ምድር ይከለክላቸዋል፤ ከዚያም ይድናል። ጉዳቱ ክብደት ነው። የተኮላሸ ውሻ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። የምግቡን መጠን በሩብ ያህል ካልቀነሱለት በስድስት ወር ውስጥ ይወፍርብዎታል። ሰውም «አየሽ፣ ሰነፍ አደረግሽው» ይላል። ያሰነፈው ግን እንጀራው ነው።

ዕድሜው ጥሩ ነው። ጀርመን ሼፐርድና የሱ ክልሶች ዓመት ሳይሞላቸው ሲኮላሹ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው የታወቀ ነው፤ አጥንቱ አድጎ ሳይጨርስ ሆርሞኑ ይቋረጥበታልና። ለነሱ ሁለት ዓመት ገደማ መጠበቅ ይሻላል። መቻል ይህን አልፏል።

የኔ ምክር ይህ ነው። ያስኮላሹት፤ ግን በዚህ ሳምንት አይደለም። መጀመሪያ ክትባቱን ያስጨርሱት። የግቢውን በር በራሱ የሚዘጋ ያድርጉት፤ አንድ ጠንካራ ላስቲክ ወይም ስፕሪንግ ይበቃል። ከልጁ ጋር የነገርኩዎትን ልምምድ ለሁለት ወር ይሥሩ። ፍርሃቱ ሲለዝብ እናኮላሸዋለን። ክረምት ላይ ከሆነም ጥቅምት ይግባ፤ ጭቃና ዝንብ ስፌት ላይ ጥሩ አይደሉም። ቁርጡን ለመወሰን የሚያመነቱ ከሆነ ሐኪምዎን ስለ ዴስሎሬሊን ይጠይቁ። ከቆዳ ሥር የምትቀመጥ፣ ሆርሞኑን ለስድስት ወር ያህል የምታቆም ትንሽ ፍሬ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆርሞኑን ከፍ ታደርገዋለች፤ ኋላ ታወርደዋለች። ፈሪ ውሻ ሲኮላሽ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ለማየት ከሷ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። «እኔ አገር ቤት በሬ ስቀጠቅጥ ነው ያደግኩት፣ በነፃ እሠራልሻለሁ» የሚል ሰው እንዳይነካው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ውሻ መጣልኝ። ዘበኛው ቆለጡን በጀሪካን ላስቲክ ጠፍሮ አስሮት ነበር፤ በክፋት አይደለም፣ ጠቦት ላይ ሲደረግ ስላየ ነው። ውሻው ስድስት ቀን አሳልፏል። ከረጢቱ ጠቁሯል፣ ሽታው ከበሩ ጀምሮ ይሸታል፣ ላስቲኩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ አይታይም። ትሉን እየለቀምኩ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ውሻው እጄን ይልስ ነበር። ተርፏል፤ ግን በስንት ስቃይ። ለበሬና ለበግ የሚሆነው መቆንጠጫም ለውሻ አይሆንም።

ቀኑ ሲደርስ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ምግብ አይስጡት፤ ውሃ እስከ ጠዋት ይጠጣ። የክትባት ካርዱን ይያዙ። የአፍ መሸፈኛውን ቤት ውስጥ ለሳምንት አስቀድመው ያለማምዱት፤ ውስጡ ሥጋ እያደረጉ። ሥራው ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስፌቱን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚጠለቅ ነገር ያስፈልገዋል። አንዲት ደንበኛዬ የቀለም ባልዲ ቂጡን ቆርጣ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልላ ሠርታለት ነበር፤ ከሚገዛው የተሻለ ሆነ። ከ10 እስከ 14 ቀን አይታጠብ፣ አይሩጥ። ከረጢቱ ትንሽ ቢያብጥ አይደንግጡ። ቆለጡ ከነበረበት ጊዜ ከበለጠ ግን፣ ወይም ደም ጠብ ጠብ ካለ፣ በዚያው ቀን ይምጡ። ከቤት መድኃኒት ሣጥን ዳይክሎፌናክም ሆነ ፓራሲታሞል እንዳይሰጡት። ለሰው ልክ የሆነው የውሻን ጨጓራ፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል። ማስታገሻውን እኛ እንሰጠዋለን።

ያን ማታ ማደንዘዣው እስኪለቀው ያላዝናል። ይንገዳገዳል፤ ደረጃ ካለ ይዝጉበት። ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚለየው ጆንያ ወይም ብርድ ልብስ ያንጥፉለት። ልጅዎ አጠገቡ ትቀመጥ፣ በስሙ እየጠራች ታውራው። እጇን ግን ወደ አፉ አታስጠጋ፤ እንደዚያ የደነዘዘ ውሻ የሚወደውን ሰው እንኳ ላይለይ ይችላል። ጠዋት ተነሥቶ ውሃ ጠጥቶ ካላስመለሰው፣ የዘወትር ምግቡን ግማሽ ይስጡት።